ጎራዴው ከራስጌ ይውረድ፦ ለአንድ የቤት ጥበቃ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የአባትህን ጎራዴ ከግድግዳ አውርደህ ራስጌህ አኑረው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው የሌሊት ስርቆት ያሳሰባቸው ሰው ናቸው፤ ስጋታቸውን እጋራለሁ። ያቀረቡት መፍትሔ ግን ጎራዴ ነው፤ ጎራዴ ካልተገኘ ደግሞ ገጀራ። ክርክራቸው ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ አባቶቻችን በጎራዴ አገርም ቤትም ጠብቀዋል፤ ጎራዴ ረጅም በመሆኑ ሌባው ሳይደርስብን እንደርስበታለን፤ ከሰገባው ሲመዘዝ ብቻ ያስበረግጋል፤ እንደ ጥይት ግድግዳ በስቶ ልጅ አይጎዳም፤ ሕጉም ቤቱ የተደፈረበትን ሰው ይደግፋል፤ አሜሪካ ውስጥ በጎራዴ ሌባ የገደለ ተማሪ እንኳ አልተከሰሰም፤ ፖሊስ እስኪደርስ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ በመጨረሻም ጎራዴ ሥልጠና አይፈልግም፣ ክንድ ያለው ሁሉ ይሰነዝረዋል።

ብዙ ዓመት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። ስለት ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ የማውቀው በወሬ አይደለም። ጽሑፉን አምኖ ዛሬ ማታ ጎራዴ ከራስጌው አድርጎ የሚተኛ ሰው እንዳይኖር ስለምሰጋ፣ የተነሡትን ነጥቦች ተራ በተራ እመልሳለሁ።

«አባቶቻችን በጎራዴ ጠብቀውናል»

ከዚህ ልጀምር፤ የቀረው ክርክር ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ስሜት ነውና። በአድዋ በዓል፣ በሚያዝያ 27፣ አርበኞች ጎፈር ደፍተው ጋሻና ጎራዴ ይዘው አደባባይ ሲወጡ እኔም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ልቤ ይሞላል። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ ነበር። አጼ ምኒልክ ከዘመቻው በፊት ለዓመታት ጠመንጃ ሲያሰባስቡ ቆይተዋል፤ ከራሷ ከጣሊያን እጅ ሳይቀር አግኝተዋል። መድፍም ነበራቸው። ጎራዴና ጦር የተሠራባቸው ሰልፉ ተቀላቅሎ ጨበጣ ሲገባ ነው፤ ያም ገላጣ ሜዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ወዳጅና ጠላት ተለይቶ በሚታወቅበት ቦታ።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የጥንቱ ባለ ጎራዴ ብቻውን ጎራዴ ይዞ አይገጥምም፤ በግራ እጁ ጋሻ አለ። ሾተል የሚባለው ጎራዴ ያን ያህል የታጠፈውም በጠላት ጋሻ ዳር ዞሮ እንዲወጋ ተብሎ ነው። ያለ ጋሻ ጎራዴ የያዘ ሰው የያዘው ግማሹን መሣሪያ ነው። ግማሹን እንኳ ለመያዝ ከልጅነት ጀምሮ ሲለማመድ ያደገ ክንድ ያስፈልገው ነበር።

ቤትን በተመለከተስ? የአባቶቻችን ቤት ሌሊት የሚጠበቀው በእሾህ አጥር፣ በውሻ፣ በዘበኛና በእሪታ ነበር። አንድ ቤት «ድረሱልኝ!» ሲባል መንደሩ በሙሉ ዱላና ችቦ ይዞ ይወጣል። ጎራዴው የማዕረግ ነገር ነበር፤ ንጉሥ ለሹም ከካባ ጋር የሚሸልመው፣ ሙሽራ ታጥቆት የሚወጣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ከነበሩት ጎራዴዎች የብዙዎቹ ስለት እንደ ጀርመኗ ዞሊንገን ካሉ የአውሮፓ ከተሞች ተሠርቶ የመጣ ነው፤ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበትም አለ። በክብር የተያዘን ዕቃ ለሌሊት ግብግብ ማዋል አባቶችን መከተል አይደለም። እነሱ ራሳቸው ለዚህ አላዋሉትም።

«ረጅም ስለሆነ ቀድመን እንደርስበታለን»

ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የተማመኑበት ነጥብ ይህ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ከሆነ ትክክል ናቸው፤ ሁለት እኩል የሠለጠኑ ሰዎች ሲገጥሙ ረጅም ስለት ያለው ይጠቀማል። ቤት ግን ሜዳ አይደለም።

እንለካው። መካከለኛ ጎራዴ ከእጀታው ጫፍ እስከ ስለቱ ጫፍ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ክንዱን ወደ ላይ ሲዘረጋ ጡጫው 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጎራዴው ሲጨመርበት ጫፉ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የብዙ ጭቃ ቤቶች ኮርኒስ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የሚሰነዘር ምት ገና ሳይጀመር ኮርኒስ ወይም አምፖል ላይ ይቆማል። ወደ ጎን ልሰንዝር ካሉ ደግሞ ክንድና ስለት ተደምረው በአንድ በኩል ብቻ ከሜትር ተኩል ያላነሰ ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። የኮሪደሩ ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ አለ፣ ሶፋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፤ በብዙ ቤት ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የተኛ ሰውም አለ።

«እንግዲያው አልሰነዝርም፣ እወጋለሁ» የሚል ይኖራል። ጎራዴያችን ለመቁረጥ የተሠራ፣ የጎበጠ ስለት ነው። እጀታው ከቀንድ ወይም ከእንጨት ተጠርቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣትን የሚከልል ብረት የለውም። እንዲህ ያለ እጀታ ይዞ በኃይል የወጋ ሰው ጫፉ አጥንት ወይም የቀበቶ ዘለበት ሲመታ እጁ ወደ ፊት ይንሸራተትና የገዛ ስለቱን ይጨብጣል። መዳፋቸው ተሰንጥቆ፣ ጣት የሚያጥፈው ጅማት ተበጥሶ የሚመጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ጅማቱ በጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልተሰፋ ጣቱ ዳግመኛ አይታጠፍም፤ ተሰፍቶም ወራት የሚፈጅ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ይጠብቀዋል። በእጁ ሠርቶ ለሚበላ ሰው ይህ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ጊዜውንም እናስላ። ከመኝታ ቤት በር እስከ አልጋ ስንት ርምጃ ነው? ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ሌባው ያን በሁለት ሰከንድ ይጨርሰዋል። በነዚያ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሰው መንቃት፣ መነሣት፣ ጎራዴውን በጨለማ ማግኘትና መምዘዝ አለበት። ለመምዘዝ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሰገባውን ይይዛል፣ ሌላው ይስባል። ለዓመታት ግድግዳ ላይ የኖረ የቆዳ ሰገባ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ስለቱም ዝጎ ይሆናል፤ በቀን ብርሃን እንኳ እልህ አስጨርሶ የሚወጣ ጎራዴ ብዙ ነው። ሁለቱም እጅ ከተያዘ ባትሪውን ማን ያበራል? ስልኩን ማን ይደውላል? የነቃውን ልጅ ማን ያቅፋል?

ሌባው አንዴ ከስለቱ ጫፍ ካለፈ ደግሞ ርዝመቱ ጠላት ይሆናል። ደረት ለደረት የተያያዘ ሰው ላይ የ90 ሳንቲ ሜትር ብረት አያገለግልም። የቀረው እጅ መጠማዘዝ ነው፤ በዚያ ትግል ስለቱ የማንን ሥጋ እንደሚያገኝ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ጸሐፊው ይህን ሳያስቡት አልቀሩም መሰለኝ፣ «ገጀራ ለጠባብ ቤት ይሻላል» ብለው ጨምረዋል። ገጀራ አጭር ስለሆነ በእርግጥ ለመሰንዘር ይቀላል። ግን ያን ጊዜ «ሳይደርስብን እንደርስበታለን» ያሉት ጥቅም አብሮ ጠፋ። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ አለባቸው።

ስለ ጌጥ ጎራዴም አንድ ቃል ልበል፤ ጽሑፉን ያነበበ ወጣት ነገ ሄዶ የሚገዛው እሱን ነውና። ለቱሪስትና ለግድግዳ የሚሸጠው ጎራዴ ብዙ ጊዜ ወደ እጀታው የሚገባው ብረት ቀጭን ነው፤ አንዳንዱ በብየዳ ብቻ የተያያዘ ነው። ጠንካራ ነገር ሲመታ ከሥሩ ይሰበራል፤ የተሰበረው ስለት የት እንደሚያርፍ ደግሞ አይታወቅም።

«ሲመዘዝ ብቻ ያስበረግጋል»

መሸሻ ያለውን ሌባ ያስበረግግ ይሆናል። የከተማ ቤቶቻችንን ግን እንያቸው። መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፣ መውጫው አንድ በር ነው፣ ግቢው በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት ተከቧል። ባለቤቱ ጎራዴ መዝዞ በሩ ላይ ሲቆም ሌባው በየት ይሽሽ? ብቸኛው መንገድ በባለቤቱ በኩል ነው። ለቴሌቪዥን የመጣው ሰው በዚያች ቅጽበት ለነፍሱ የሚታገል ሰው ይሆናል። ሌባን ማስፈራራት የፈለገ ሰው ከመውጫው ዞር ማለት አለበት፤ ጎራዴ የያዘ ሰው ግን ወደ ፊት መራመድ ይቃጣዋል፣ መሣሪያው ራሱ ይገፋዋል።

መሸሻ ያለው ሌባ ደግሞ ለመሸሽ ጎራዴ አያስፈልገውም። መብራት በርቶ፣ ውሻ ጮኾ፣ «ሌባ! ሌባ!» ከተባለ ይበቃዋል። ያው ውጤት ያለ ስለት ከተገኘ ስለቱ ምን ጨመረ?

ጸሐፊው በጨለማ የሚመጣውን ሰው ሁልጊዜ የማይታወቅ ባዕድ አድርገው ሥለውታል። የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት ከ2003 እስከ 2007 የተፈጸሙ የቤት ሰብሮ መግባት ወንጀሎችን መርምሮ ነበር። በዓመት በአማካይ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ከሚሆኑት ውስጥ የቤተሰብ አባል ቤት ውስጥ የነበረው በ28 ከመቶው ነው፤ በሰው ላይ ጥቃት የደረሰው ደግሞ ከጠቅላላው በ7 ከመቶው ነው። ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል 65 ከመቶ የሚሆኑት ጥቃት አድራሹን ያውቁታል። አሃዙ የአሜሪካ ነው፤ የእኛን አገር አይወክል ይሆናል። ግን ጥያቄው ለእኛም ይሠራል። በእኛ ቤት ሌሊት በር የሚነካው አምሽቶ የመጣው ወንድ ልጅ፣ ቁልፍ ያለው የወንድም ልጅ፣ ሰክሮ በር የተሳሳተ ጎረቤት፣ ለውኃ የተነሣች የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ከእንቅልፍ ባነነ ዓይን ይህን መለየት አይቻልም። የተሰነዘረ ጎራዴ ደግሞ አይመለስም።

«እንደ ጥይት ግድግዳ በስቶ ልጅ አይጎዳም»

ስለ ጥይቱ ያሉት ልክ ነው። ቆርቆሮም ሆነ የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፤ ጠባብ ሰፈር ውስጥ የተተኮሰ ጥይት የጎረቤት ልጅ ሊገድል ይችላል። በዚህ ነጥብ አልከራከራቸውም፤ ለቤት ጠመንጃ ይሻላል የሚል አሳብም የለኝም።

ነገር ግን ሌባ የሚመጣው በስንት ዓመት አንዴ ነው፤ ምናልባትም ጭራሽ አይመጣም። ከራስጌ የተቀመጠ የተሳለ ጎራዴ ግን በየቀኑ፣ በየሌሊቱ እዚያው አለ። ልጆች ሲጫወቱ አለ። ባልና ሚስት ሲጣሉ አለ። የጠጣ ሰው ሲገባ አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ብቻውን ሲቀር አለ። እኔ ካየኋቸው የስለት ቁስሎች ብዙዎቹ በሌባ እጅ የደረሱ አልነበሩም፤ በሚታወቅ ሰው እጅ፣ በጠብ መሀል፣ ለሌላ ዓላማ እጅ አጠገብ በተቀመጠ ዕቃ የደረሱ ናቸው። ፊቱን ለመከለል ክንዱን ያነሣ ሰው የሚያገኘው ቁስል የት የት እንደሚሆን ማንኛውም የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ያውቃል፤ የክንድ ውጫዊ ጎን፣ የጣቶች መሀል፣ መዳፍ። እንዲህ ቆስለው የሚመጡ ሚስቶችን ያጠበና የጠቀለለ ሰው ባሎች ራስጌያቸው ጎራዴ እንዲያኖሩ የሚመክር ጽሑፍ ሲያነብ ዝም ማለት አይችልም።

«ሕጉ ከቤቱ ባለቤት ጋር ነው»

የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ራስን ወይም ሌላ ሰውን፣ ወይም በሕግ የተጠበቀ መብትን፣ ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ ሕገወጥ ጥቃት ለማዳን የተደረገ ነገር አያስቀጣም። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቆሙ። አንቀጹ ግን አላቆመም። ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከጥቃቱ ከባድነትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሁለቱም ሳይሟሉ «ቤቴ ተደፈረ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ወደ አጥሩ የሚሮጥን ሰው ከኋላው ደርሶ መቁረጥ የተመጣጠነ መከላከል ነው የሚል ዳኛ ማግኘት ከባድ ነው። ይህን ስል እንደ ጠበቃ አይደለም፤ የሕክምና ማስረጃ እንዴት እንደሚሞላ እንደማውቅ ሰው ነው። ቁስሉ ከፊት ነው ወይስ ከጀርባ፣ አንድ ነው ወይስ ብዙ፣ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ተብሎ ይጻፋል። ያ ወረቀት ችሎት ፊት ይነበባል። ጎራዴ ደግሞ ልከኛ ቁስል የሚያደርስ መሣሪያ አይደለም። በዱላ ክንዱን የተመታ ሌባ ክንዱ ይሰበርና ይድናል፤ በጎራዴ የተመታ ክንድ ደም ስሩ ተቆርጦ በደቂቃዎች ውስጥ ነፍሱ ሊያልፍ ይችላል። የሰንዛሪው አሳብ «ላስፈራራው» ቢሆንም ስለቱ የሚያውቀው የራሱን ሥራ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሕጉ የደነገጠን ሰው አይረሳም። አንቀጽ 79 ከመጠን ያለፈ መከላከል ላደረገ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልል ይፈቅዳል፤ ያለፈው ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። የመከላከልን ወሰን አልፎ የገደለ ሰውም በአንቀጽ 541 የሚጠብቀው እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው፤ ተራ የሰው ግድያ ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። ሰውየው ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ እስኪወሰን ድረስ ግን ምርመራ አለ፣ ማረፊያ ቤት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ቤት ውስጥ የሚርብ ቤተሰብ አለ። ነገሩ በችሎትም አያበቃም። በብዙ አካባቢያችን ፍርድ ቤት ነጻ ያለውን ሰው የሟች ቤተሰብ ነጻ አይለውም። ደም አለ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳዩ ወንድምና ልጅ ጭምር ተሸማቅቀው ይኖራሉ። ሕጉ ከእኛ ጋር ነው የሚለው ምክር ይህን ሁሉ አልቆጠረም።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችንም ጽሑፉ «እናንተም አድርጉት» ይላል። እንግሊዝ ያለ ሰው ይህን ሰምቶ ጎራዴ ቢያስልክ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 50 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው የጎበጠ ስለት ያለውን ጎራዴ መሸጥም ሆነ ማስገባት ተከልክሏል፤ በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ ቤት ውስጥ መያዝንም ወንጀል አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት የተሠራ ወይም በባህላዊ የእጅ ሥራ የተሠራ ጎራዴ መከላከያ አለው፤ ግን ያን ማስረዳት የያዘው ሰው ሸክም ነው። የእኛ ጎራዴ የጎበጠና ከ50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነው። የአያቱን ቅርስ ለንደን የወሰደ ሰው የተሠራበትን ዘመን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ፤ አዲስ የጌጥ ጎራዴ ግን አይውሰድ።

የአሜሪካው ተማሪ

ይህ ጉዳይ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2009 በባልቲሞር ከተማ አንድ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሚኖርበት ቤት በስተጀርባ ወዳለው ግቢ የገባን ሰው በሳሙራይ ጎራዴ መታው፤ ሰውየው እዚያው ሞተ። ተማሪው አልተከሰሰም። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የተዉትን ግን ልጨምር። ተማሪው ከእንቅልፉ ባንኖ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ ከቤቱ ላፕቶፖች ተሰርቀው ስለነበር ነቅቶ፣ ጎራዴውን መዝዞ ይዞ፣ ራሱ ወጥቶ ነው ያገኘው። ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ። ማለትም ጎራዴ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶለት ነበር፤ ጊዜ፣ ቦታ፣ ዝግጅት። ያም ሆኖ አንድ ምት የሰውየውን እጅ ከሞላ ጎደል ቆርጦ ደረቱን ከፈተው። ያ ወጣት በዚያች ሌሊት ያየውን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። ጸሐፊው ይህን እንደ ድል ጠቅሰውታል፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ በር ዘግቶ፣ ፖሊስ ቢጠራ ኖሮ የሚተርፉ ሁለት ሕይወቶች አየሁበት። ባይከሰስም አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ገድሏል።

«ፖሊስ እስኪደርስ ሌባው ጨርሶ ይሄዳል»

ጨርሶ ይሂድ! ይህን በሙሉ ልብ እላለሁ። ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ጌጥ፤ የአንድ ሰው ደም የሚያክል ዕቃ በቤታችን የለም። የሌሊቱ ሥራ ዕቃ ማስቀረት ሳይሆን ሁሉም ሰው በሕይወት እንዲነጋለት ማድረግ ነው። ሥራው እንዲህ ሲታይ መልኩ ሁሉ ይለወጣል።

ያን ጊዜ ገንዘባችንን የምናወጣው በር ላይ ነው። የውጭው በር ላይ ጠንካራ ብረትና ከውስጥ የሚገባ መቀርቀሪያ፤ ማጠፊያው በውጭ በኩል ሆኖ ሊነቀል እንዳይችል። ግቢ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ መብራት፣ መብራት ቢጠፋም የሚሠራ በፀሐይ የሚሞላ። የሚጮህ ውሻ፤ ባይናከስም ይጩህ። ከዚያ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር፣ የመኝታ ቤቱ በር። ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት አንድ ክፍል ተመርጦ በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን፤ ስልክ፣ ባትሪና ፊሽካ እዚያ ይደሩ። ድምፅ ሲሰማ ልጆችን ወደዚያ ክፍል ማስገባት፣ በሩን መቀርቀር፣ 991 መደወል፣ ከዚያም በመስኮት «ሌባ! ሌባ! ድረሱልን!» ብሎ መጮህ። ለሌባውም በበሩ በኩል «ፖሊስ ተጠርቷል፣ ውጣ» ማለት፤ መውጫውን አለመዝጋት።

ፖሊስ ሊዘገይ ይችላል፤ ጎረቤት ግን አይዘገይም። በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር እንደምንነጋገረው ሁሉ ስለ ሌሊት ጩኸትም መነጋገር እንችላለን። ማን በየትኛው ስልክ ለማን ይደውላል፣ ማን መብራት ያበራል፣ የተያዘው ሰው እንዳይደበደብ ማን ይቆማል። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ እላለሁ፤ መንደርተኛ ሌባ ነው ብሎ የቀጠቀጠውን ሰው ጭንቅላት ስናጥብ ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ።

ሌባው ይህን ሁሉ አልፎ የመጨረሻውን በር፣ ልጆች ያሉበትን ክፍል በር ከሰበረስ? ያን ጊዜ ለዕቃ አልመጣም። ጥቃቱ ቅርብ ነው፣ ሌላ መንገድም የለም፣ ሕጉም ከባለቤቱ ጎን ይቆማል። ለዚያች ቅጽበት እጅ ውስጥ የሚኖር ነገር ካስፈለገ አጠር ያለ የወይራ ዱላ ይበቃል። ዱላ ከሰገባ አይመዘዝም፣ በጠባብ በር በኩል ይገፋል፣ የያዘውን እጅ አይቆርጥም፣ ሌባው ቢነጥቀውም እንደ ስለት አያርድም።

«ሥልጠና አይፈልግም»

ጸሐፊው በጎራዴ ተለማምደው ያውቁ እንደሆነ አልጻፉም። አንድ ሙከራ እንዲያደርጉ እጠይቃቸዋለሁ። ጎራዴውን ሳይሆን 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በጨርቅ ጠቅልለው ራስጌያቸው ያኑሩ። ጫፉን ከሰል ይቀቡት። ከዚያ የቤተሰብ አባል የሆነ ጤነኛ ጎልማሳ፣ ዓይኑን የሚከልል መነጽር አድርጎ፣ ሰዓቱን ሳይነግራቸው፣ መብራት በጠፋበት፣ ከኮሪደሩ ፈጥኖ ይግባ። ዘንጉን አንሥተው ሳይነካቸው በፊት ይንኩት። ሲያበቃ መብራቱን አብርተው የከሰሉን ምልክት ይቁጠሩ፤ ኮርኒሱ ላይ ስንት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ስንት፣ ባለቤታቸው የተኙበት አንሶላ ላይ ስንት፣ የገባው ሰው ልብስ ላይ ስንት። ሙከራውን ደግመው ያድርጉት፤ ሁለተኛው ላይ በግራ እጃቸው ስልክ ይያዙ። ያገኙትንም ለዚያው አንባቢ፣ በዚያው ጽሑፍ ሥር ይጻፉለት።